ውሃው ሲከፈል ማን ተጠራ?

(ደሴ ላይ ለተሰበሰቡ አድማጮች በቃል ካቀረብኩት ንግግር የተዘጋጀ። ከአድማጮች ከተነሡት ጥያቄዎች ሦስቱ መጨረሻው ላይ ገብተዋል።)

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «የውሃ እጥረትና ፖለቲካ በደረቃማ አካባቢዎች» የሚል ነው። ሲሰሙት የሰሃራ ወይም የዐረብ አገር ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን እዚሁ ወሎ ላይ ልቆም አስቤያለሁ። የውሃ ነገር መንግሥት ሲጥል፣ ሕዝብ ከቀዬው ሲነቅል፣ ጠመንጃ ሲያስነሣ ለማየት ከወሎ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዝናብ ሲቀር ማንም አያስቀረውም። ያለችው ውሃ ስትከፈል ግን የሚወስን ሰው አለ፤ ለውሳኔው የሚጠራ አለ፤ ሳይጠራ የሚቀር አለ። ከኋላ የሚመጣው ጠብ ሥሩ ሲቆፈር፣ ሳይጠራ የቀረው ሰው ደጃፍ ላይ ያደርሳል።

በመጀመሪያ አገሩን እንየው። ወሎ እንደ ቤት ክዳን ነው፤ አናቱ ላይ የወረደው ዝናብ ሁሉ ወደሌላ ሰው ግቢ ይፈሳል። በምዕራብ በኩል የወረደው በሽሎን ይዞ ዓባይ ይገባል፣ ሱዳንና ግብፅ ይደርሳል። ከላስታ ተራሮች ተከዜ ይነሣል። በምሥራቅ በኩል ቦርከናና ሚሌ ወርደው አዋሽን ይቀላቀላሉ፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ጎሊናና አላውሃም ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር ይወርዳሉ። እኛ ጋ የሚቀረው ትንሽ ነው።

ደላንታን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አምባው ላይ ቆመው ሲያዩ በአንድ በኩል በሽሎ፣ በሌላ በኩል ጂጣ፣ ሁለቱም ገደል ውስጥ ናቸው። ወንዙ ይታያል፤ አይጠጣም። በበጋ ምንጩ ሲነጥፍ ልጅቷ አህያዋን ነድታ ቁልቁል ትወርዳለች። የጀሪካኑ ክዳን ከጠፋ ቆይቷል፤ አፉን በፌስታል ጠቅልላ በቆርኪ እንጨት ትወትፈዋለች። ስትወርድ ባዶ ነው። ስትመለስ እያንዳንዱ ጀሪካን 20 ሊትር፣ ማለትም 20 ኪሎ ነው፤ መንገዱም ዳገት። አህያ የሌላት በጀርባዋ ታዝላለች። ግማሽ ቀኗ በዚህ ያልቃል፤ ትምህርት ቤቱ ቀርቷል። የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ደላንታ ላይ ተረት አይደለም፣ የማክሰኞ ጠዋት ሥራ ነው። መንግሥት ራሱ ያወጣው መለኪያ ለገጠር ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ሳይርቅ የሚል ነው። ይህችን ልጅ በዚያ መለኪያ መዝኗት።

አሁን ወደ 1965 ልመለስ። ከእናንተ መካከል በዓይኑ ያየ አለ፤ ስሳሳት አርሙኝ።

ወሎ ሁለት ዝናብ ያለው አገር ነው። ደጋው ብዙ ቦታ የሚኖረው በበልግ ነው፤ ቆላው በክረምት ላይ ተስፋ ያደርጋል። የ1964 ክረምት ተበላሸ። የ1965 በልግ ጭራሽ ቀረ። ሁለቱ ሲከታተሉ ገበሬው መጀመሪያ በጉን ሸጠ፣ ከዚያ በሬውን፣ ከዚያ የዘሩን እህል በላ፣ በመጨረሻ ቤቱን ዘግቶ ወደ መኪና መንገድ ወረደ። በዋናው የሰሜን መንገድ ዳር የተደረደረው ሕዝብ መኪናና አውቶቡስ እያስቆመ ቁራሽ ይለምን ነበር። አዲስ አበባ ድረስ የደረሱም ነበሩ። ስለዚህ «አላወቅንም ነበር» የሚለው መልስ አይሠራም፤ የአገሪቱ ዋና መንገድ ላይ የቆመን ሰው አለማየት አይቻልም። ያለቀው ሕዝብ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። ግምቱ ይህን ያህል መራራቁ ራሱ ያማል፤ ሲሞቱ የቆጠራቸው አልነበረም ማለት ነው።

በኋላ ነገሩን የመረመሩ የኢኮኖሚ ሊቃውንት አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አገኙ። በዚያ ዓመት የአገሪቱ የእህል ምርት በጠቅላላው ያን ያህል አልወደቀም። ደሴ ገበያ ላይም ዋጋው እንደሚጠበቀው አልናረም። ለምን? ገዢ አልነበረማ! የተራበው ሰው እጁ ላይ ገንዘብ የለም። እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ድርቁ ማሳውን አደረቀ፤ የገበሬውን ዐቅም ያደረቀው ግን ግብሩ፣ የጭሰኝነቱ ሥርዐትና የባለሥልጣናቱ ዝምታ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የመጡ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው ሲያሳዩ ነገሩ ሊዳፈን ተሞከረ። ጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ለዓለም ሲያሳይ ግን መዳፈን አበቃ።

ሌላም ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነገር አለ። የዚያው ዓመት የወታደሮች ዐመፅ የጀመረው ጥር ላይ ነገሌ ቦረና ነው፤ ያም ደረቅ አገር ነው። የወታደሮቹ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ ነበራቸው፤ ከጉድጓዳችሁ እንቅዳ ቢሏቸው ከለከሉ። ወታደሮቹ መኮንኖቹን አሰሩ፤ ሊያነጋግር ከአዲስ አበባ የተላከውንም ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሉት፣ እነሱ የሚጠጡትን አጠጡት። ከዚያ ወዲያ ዐመፁ ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ሄደ። እዚህ ላይ በደንብ አስቡ። ነገሌ ላይ ውሃ ነበረ። አጥር ነበረው።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰራቸው ያለ ነገር አይደለም፤ ዝናቡም ፍርዱም ከላይ የሚወርድ፣ የማይጠየቅ ነበር። በ1967 መባቻ ግን ንጉሥ ተከሰሰ። መስከረም 1 ማታ ቴሌቪዥኑ የወሎን ረሃብተኛ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር እያፈራረቀ አሳየ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ማንም «ለምን አላዘነብክም» ብሎ አልከሰሳቸውም። ክሱ «ለምን ደበቅህ» የሚል ነበር። የድርቅ ፖለቲካ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዚህ ጥያቄ ላይ ነው የሚዞረው።

ይህ ግን የደገኛው ታሪክ ነው። ወደታች ልውረድ።

በዚያን ጊዜ አውሳ የወሎ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ነበረች። አፋሩ እንደምታውቁት ከብቱንና ግመሉን ይዞ ዝናብን እየተከተለ የሚዞር ሕዝብ ነው። ዝናብ በጠፋበት በጋ ግን የሚጠጋበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያ ቦታ አዋሽ ሞልቶ ሲፈስ የሚያጠጣው ዳርቻ ነበር። ሣሩ እዚያ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቆቃ ግድብ ተሠራ፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ ተንዳሆ ላይ ከውጭ ኩባንያ ጋር ሰፊ የጥጥ እርሻ ተከፈተ። በ1963 ገደማ በሸለቆው ወደ 50 ሺህ ሄክታር የሚሆን መሬት የጥጥና የሸንኮራ እርሻ ሆኖ ነበር። በካርታ ላይ ሲታይ ከበረሃው ስፋት አንጻር ቁራጭ መሬት ነው። ለአፋሩ ግን ያቺ ቁራጭ የዓመቱ መትረፊያ ነበረች። ሌላውን ምድር ሁሉ ትተህ እሷን ብቻ ብትወስድበት፣ የወሰድክበት ሁሉንም ነው።

ድርቁ ሲመጣ አፋሩ ወደ ወንዙ ቢሄድ ጥጥና ዘበኛ አገኘ። ወደ ደጋው ግርጌ ቢወጣ ራሱ የተራበ ገበሬ አገኘ። ከሕዝቡ ብዛት አንጻር በዚያ ረሃብ እጅግ ከተጎዱት አንዱ አፋር ነው፤ እኛ ደሴ ቁጭ ብለን ስለ ወሎ ረሃብ ስናወራ ግን ይህን አናነሣም። ማንሣት ነበረብን። በእርግጥ ከጥጡ የተጠቀሙ አፋሮችም ነበሩ፤ የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ራሳቸው ትልቅ የጥጥ ባለቤት ነበሩ። በ1967 የገጠር መሬት ሲወረስ ነገሩ ወደ ተኩስ ሄደ፤ ሱልጣኑ አገር ለቀው ወጡ፤ የአፋር ነፃ አውጪ ግንባር በዚያው ሰሞን ተመሠረተ። የግንባሩ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በውሃ ላይ ላላክክ አልሻም። ነገር ግን የአዋሽ ውሃ ለጥጥ ሲመደብ በበጋ እዚያ የሚያሰማራውን እረኛ ማን ጠራው? ማንም።

በኋላም በደርግ፣ ከደርግም በኋላ ያው ሆነ። ጥጡ የመንግሥት ሆነ፤ ቆየት ብሎ የተንዳሆ ግድብ ለሸንኮራ ተሠራ። ባለቤቱ ይለዋወጣል እንጂ የእረኛው ወንበር ባዶ ነው። ወደ እኛ ቀረብ ብላችሁ ከከሚሴ ወዲህ ያለውን የጨፋን ሜዳ ተመልከቱ፤ በበጋ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም፣ አማራውም ከብቱን ይዞ የሚገናኝበት ረግረግ ነው። እዚያ አካባቢ አንድ በጋ ሰው ሲሞት «የብሔር ግጭት» ተብሎ ይዘገባል። እኔ እንደዚያ ሲባል ስሰማ በጣም እናደዳለሁ። መጀመሪያ ስንት ሄክታር ረግረግ እንደታረሰ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ብሔር ብናወራ እንደርሳለን።

1977ን ባጭሩ ላንሣ፤ ረሃቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መስከረም ላይ ዐሥረኛው የአብዮት በዓል በድምቀት ተከበረ፤ ጥቅምት ላይ በዚያን ጊዜ ወሎ ውስጥ የነበረው ኮረም በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። ንጉሡን «ለምን ደበቅህ» ብሎ የከሰሰው መንግሥት ራሱ ደበቀ። ትኩረቴን የሚስበው ግን ከዚያ በኋላ የተወሰደው ውሳኔ ነው። ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብዛኛው ከወሎ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ፓዌ ተወሰደ። ወዶ የሄደ አለ። በግድ ተጭኖ፣ ከሚስቱ ከልጁ ተነጥሎ የሄደም ብዙ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ውሃ ወዳለበት ሰውን እንውሰድ። የሚሄደው ሰው ፈቅዶ እንደሆነ በቅጡ የጠየቀው የለም፤ እዚያ ያለውን ባለአገር ደግሞ «እንግዳ ሊመጣብህ ነው፣ መሬትህንና ውሃህን ትካፈላለህ ወይ» ብሎ የጠየቀ ጭራሽ አልነበረም።

የዚያ ውሳኔ መጨረሻ የት ደረሰ? ሰኔ 2014 ወለጋ ጊምቢ፣ ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የዚያ ሰፈራ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ከወለጋ ነፍሳቸውን ይዘው የሸሹት ደግሞ ተመልሰው እዚሁ ወሎ፣ ሐይቅና ጃራ መጠለያ ገቡ። አያቶቻቸው በድርቅ ምክንያት የለቀቁት አገር ውስጥ፣ በቦቴ ውሃ ለመቅዳት ጀሪካን ደርድረው ተሰለፉ። ገዳዮቹ ለሠሩት ሥራ ተጠያቂዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ድርቅ የማንንም ወንጀል አይሸፍንም። ሆኖም በ1977 ቢሮ ውስጥ የተወሰነ የውሃ ውሳኔ ከ37 ዓመት በኋላ ማንን እንዳገኘ ሳላነሣ ላልፍ አልችልም።

አሁን ቆቦ እንግባ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ መልካም ነገር የምናገርበት ቦታ ስለሆነ።

ቆቦ ሜዳ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከምዕራብ ያለው ተራራ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ጎርፉ ብዙ ጊዜ በሌሊት ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ድምፁ ይሰማል፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ። ገበሬው አካፋውንና ባትሪውን ይዞ ይወጣል። ጎርፉን ወደ ማሳ የሚመልሰው ጠለፋ የተሠራው በአሸዋ፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ነው፤ ጎርፉ ከበረታ ጠራርጎት ይሄዳል፣ ከለዘበ ወደ ቦዩ ይገባል። ያ ደለል ያዘለ ድፍርስ ውሃ አንድ ሁለቴ ማሳው ላይ በደንብ ከተኛ ማሽላውን ያወጣዋል። የሰዓታት ጉዳይ ነው። በዚያች ሌሊት «ተራው የማን ነው» ብሎ መከራከር አይቻልም፤ ውሃው ይሄዳላ! ስለዚህ ክርክሩ አስቀድሞ ማለቅ አለበት።

ያንን የሚጨርሰው የውሃ አባት ነው። ገበሬዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት፣ የሚሽሩትም ሰው ነው። ጠለፋው ሲፈርስ ሰው ይጠራል፤ ለሥራ ያልወጣ ሰው ተራ የለውም። ከቦይ የሰረቀ ይቀጣል። ላይኛው ጠጥቶ ሲበቃው ወደታች ይለቃል፤ ካልለቀቀ ታችኛው የሚያቀርበው አቤቱታ የሚሰማው እዚያው ቦዩ ዳር ነው። ስፔን ውስጥ ቫለንሲያ ከተማ በየሳምንቱ ሐሙስ ካቴድራሉ በር ላይ የሚቀመጥ የውሃ ችሎት አለ፤ ዳኞቹ ገበሬዎች ናቸው፣ ክርክሩ በቃል ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚያ ቱሪስት ቆሞ ያየዋል። የእኛን የውሃ አባት የሚያየው ማን ነው? ስንቶቻችን ነን ስሙን እንኳ ጠርተን የምናውቀው?

መንግሥት በበኩሉ ሕግ አውጥቷል። የ1992ቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል፤ ከሌላ አገልግሎት ሁሉ የቤት ፍጆታ ይቀድማል ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። በ2006 የወጣው አዋጅ ቁጥር 841 ደግሞ የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር እንዲቋቋም ያደርጋል። ችግሩ «ተጠቃሚ» የሚባለው በመስኖው ክልል ውስጥ ማሳ ያለው ሰው መሆኑ ነው። ከጠለፋው በታች፣ ከዞብል ተራራ ማዶ፣ ግመሉን የሚያጠጣው አፋር ማሳ የለውም። ስለዚህ አባል አይደለም። ስለዚህ አይጠራም።

በሌላ በኩል ቆቦ ላይ የከርሰ ምድር ውሃ ወጥቷል። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ጥልቅ ጉድጓዶች ቆፍሮ፣ ፓምፕ ተክሎ፣ ብዙ ገበሬ ሽንኩርትና ቲማቲም አምርቷል። ደስ የሚል ሥራ ነው። ነገር ግን ጎርፍን ሁሉም ያየዋል፤ ከርሰ ምድርን የሚያየው መለኪያ የያዘው ብቻ ነው። ጎረቤትህ ስንት እንደሳበ አታውቅም። ጉድጓዱ ደግሞ በመብራት ነው የሚኖረው። በ2013 እና በ2014 ጦርነት መብራቱ ሲቋረጥ ፓምፑ ዝም አለ፤ የተዘረፈውና የተሰበረውም ብዙ ነው። እዚሁ ደሴም መብራት ሲጠፋ ቧንቧው ምን እንደሆነ፣ ሮቶ ያለው ሰው ግቢ ሰው እንዴት እንደተሰለፈ አስታውሱ።

ሶርያ በዚህ በኩል ትምህርት ናት። በሰሜን ምሥራቋ ገበሬው በናፍታ ፓምፕ የከርሰ ምድር ውሃ እየሳበ ለዓመታት ስንዴና ጥጥ አመረተ። ጉድጓዱ እየራቀ ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ከባድ ድርቅ መጣ፤ በመሃል 2008 ላይ መንግሥት የናፍታ ድጎማውን ቀነሰ። ገበሬው መሬቱን ትቶ ከተሞች ዳር ሰፈረ። በ2011 ተቃውሞው ተነሣ። «ድርቁ ጦርነቱን ወለደው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ድርቁ ዮርዳኖስንም መትቷል፤ ዮርዳኖስ አልፈረሰችም። ሶርያን ያቃጠላት አቤት ላለ ሰው የተሰጠው መልስ ነው። እንዲህ ስል ግን የጉድጓዱን ነገር አቃልሉት ማለቴ አይደለም፤ ገበሬውን ያለ መጠጊያ ያስቀረው እሱ ነው።

ስለ ዓባይ ሳልናገር ብወርድ ትቆጡኛላችሁ። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ14ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዓምደ ጽዮን ለካይሮው ሱልጣን «ክርስቲያኖችህን ካስጨነቅህ ዓባይን አዞርብሃለሁ» ብለው መላካቸውን የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል፤ ስለ ንጉሥ ላሊበላም ተመሳሳይ ታሪክ ሲነገር ኖሯል። ወደ ቅርቡ ስንመጣ እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ውሃውን ተካፈሉ፤ 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን። ከውሃው ወደ 86 ከመቶ የሚሄድላቸው ከአገራችን ነው፤ አገራችን ግን አልተጠራችም። ይህ በደል ነው፤ ዛሬም አንቀበለውም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ ደሴ ላይ እልል ያልነው፣ በሽሎም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በሚይዘው ሐይቅ ውስጥ ድርሻ ስላለው ብቻ አልነበረም። ሳይጠራ የቀረ ሰው «አለሁ» ሲል የሚሰማውን ስሜት ነው የሰማነው።

ታዲያ ይህን ስሜት የምናውቅ ሰዎች፣ ጎሊናን ስንጠልፍ፣ ሚሌን ስንጠልፍ፣ ቦርከናን ስናቆሽሽ ለታችኛው ሰው ምን ነን? ኮምቦልቻ ላይ ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ ቦርከና ይገባል፤ ቃሉና ከሚሴ ያለው ገበሬ በዚያ ውሃ ቃሪያ ያጠጣል፣ ከብቱም ይጠጣዋል። የተበከለ ውሃም የተወሰደ ውሃ ነው። እኛ በዓባይ ላይ የላይኛው ተፋሰስ ሆነን የተገፋን ነን። በአዋሽ በኩል ደግሞ የላይኛው ተፋሰስ ሆነን የምንገፋ እንዳንሆን እሰጋለሁ። ግብፅን «ቁጭ ብለን እንነጋገር» የሚል ሰው አፋርን ከዚያ ያነሰ ሊለው አይችልም።

ንግግሬ እዚህ ላይ ነበር ያበቃው። ቀጥሎ ጥያቄ መጣ።

አንድ አባት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ አላህ ሲቆጣ ነው ዝናብ የሚቀረው። ዱዓ ነው እንጂ ስብሰባ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ አባቴ፣ ዱዓውን አልነካም። ወሎ ላይ ዝናብ ሲቀር ሙስሊሙ ወዳጃ፣ ማለትም የጋራ ዱዓ ይቀመጣል፣ ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፣ አንዱ የሌላውን ሲያልፍ ቆሞ አሚን ይላል። ከእኛ ስብሰባ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ እዚያ ላይ ሳይጠራ የሚቀር የለም። ደም ሲፈስም አስታራቂ ሽማግሌዎቹ አባጋሮች ሁለቱንም ወገን ጠርተው ነው የሚያስታርቁት። አፋርም ማዳዓ የሚለው የራሱ ባህላዊ ሕግ አለው፣ ተሰብስቦ የሚዳኝበት ማብሎ አለው። እኔ የምለው ደም ከመፍሰሱ በፊት እነዚህ ሰዎች ስለ ውሃው ይገናኙ ነው። እሳቸውም «እሱስ እውነት ነው» ብለው ተቀመጡ።

አንዲት ተማሪ፣ «ለምን ትልልቅ ግድብ ሠርተን አንገላገልም?» አለች። እኅቴ፣ ግድብ አልቃወምም። ቆቃም ተንዳሆም ግድብ ናቸው፤ መብራትም ሸንኮራም ሰጥተዋል። የሚያሳስበኝ ግድብ ውሃን አንድ ቁልፍ ውስጥ ማስገባቱ ነው። ቁልፉ ማን እጅ ላይ እንደሚሆን ሳይወሰን ግንባታው ከተጀመረ፣ በኋላ ለማስተካከል ከባድ ነው። መንደር ውስጥ እንኳ አይታችሁ ይሆናል፤ ቦኖ ይሠራል፣ የውሃ ኮሚቴ ይመረጣል፣ ቁልፉ ወንድ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ውሃ የምትቀዳው ግን ሴት ናት። ሰውየው ለቅሶ ከሄደ ቦኖው ተዘግቶ ይውላል።

በመጨረሻ ከወረዳ የመጣ የውሃ ባለሙያ ተነሣ። «ጋሼ፣ ታሪኩ ጥሩ ነው፤ እኔ ነገ ቢሮ ስገባ ምን ልሥራ?» አለ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ደስ ያለኝ የሱ ነው።

ሁለት ነገር አልኩት። አንደኛ፣ ወረዳህ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ጉድጓድ በወር አንድ ቀን፣ በታወቀ ቀን ለካ። ውሃው ከአፉ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ፣ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ። ቁጥሩን ፋይል ውስጥ አትቅበረው፤ ቀበሌው ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፈው። ውሃው እየራቀ ከሆነ ገበሬው ከአንተ ጋር እኩል ይወቀው፤ ያኔ «ተራ እናሳጥር» ስትለው ተንኮል አይመስለውም። በ1965 የጎደለን አንዱ ይህ ነበር፤ ሁኔታውን የሚያውቀው ሹም ብቻ ነበር፣ ሹሙም ዝም አለ።

ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ጠለፋ ከመጠገኑ በፊት የውሃ አባቶቹን ስትሰበስብ ከታች ያሉትን የአፋር ሽማግሌዎች ጥራ። በቁጥር እኩል ይሁኑ አልልህም፤ ይኑሩ። ጎርፉ ስንት ቀን ወደታች ሳይጠለፍ እንደሚለቀቅ፣ ከብት በየት በኩል ወደ ውሃ እንደሚወርድ፣ ማሳ ቢረገጥ ማን እንደሚገምት እዚያው ይነጋገሩ፤ አንተ ቃለ ጉባኤውን ያዝ። ለመጥራት የክልል ደብዳቤ አትጠብቅ፤ ደብዳቤው ከክልል ወደ ክልል ሲዞር በጋው ያልቃል። ባቲ በኩል ላላችሁ የሰኞ ገበያ አለላችሁ፤ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ይዞ ራሱ ይመጣል፣ አንድ ሰው ከሰማ በዳጉ፣ በአፋሩ የቃል ወሬ መለዋወጫ፣ አገሩ ሁሉ ይሰማል። ቆቦ በኩልም ገበያው አለ። ቀኑን እዚያ ንገሩት። ጥር ሳያልቅ ይሁን፤ የካቲት ከገባ የበልጉ ጎርፍ ሊቀድማችሁ ይችላል።